ስለ ትምህርት ቤታችን የጸደይ አትክልት ቦታ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በአትክልት ክበብ አባሎች የተነገረ)



 ንግግራችን አጭር ነው፤ ልመና ስላለበት ግን ጥቂት ታገሡን።

ከመማሪያ ክፍሎቹ በስተ ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚያ መሬት ላይ በመጪው የካቲት 12 መደብ ለማውጣት አስበናል። የአንዱ መደብ ወርድ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 5 ሜትር ይሆናል። የምንዘራው የአበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ነው። ቲማቲም ይጨመር ያሉ ጓደኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የሌሊቱ ብርድ አይመቸውም ብለን ተውነው። ቲማቲሙን በመስኖ ለሚያለማው ለቆቦ ሜዳ ትተንለታል።

ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን ወራት ነው። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ግን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ሲሆን የሚወጣው ሰኔ 25 ቀን ነው። እኛም የምናስበው ይህንኑ ጸደይ ነው። ችግኙ የበልጉን ዝናብ ተቀብሎ በሚያዝያና በግንቦት ለድስት እንዲደርስ እንፈልጋለን።

ለማን ድስት? ብትሉ፣ ዋናው ነገር ይህ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከላስታ ገጠር የመጡ፣ በከተማው ውስጥ ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ የሳምንቱን ስንቅ በጀርባቸው ተሸክመው ይመለሳሉ። እንጀራው ሐሙስ ቀን ምን እንደሚመስል የበላው ያውቀዋል። ወጡ ሽሮ ነው፤ ሽሮው ሲያልቅ በርበሬ ነው። እናት ከቤቷ ጎመን ቀንጥሳ ልትልክ ብትወድ እንኳ እስከ ረቡዕ አይቆይም። ስለዚህ ከአትክልት ቦታው የሚለቀመው ቅጠል አስቀድሞ ለእነዚህ ተማሪዎች ይታደላል። ከእነርሱ የተረፈው ይሸጥና ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ይገዛበታል። ቆስጣ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ የውጭ የውጭውን ቅጠል ሲለቅሙለት እንደ ገና ከመካከል ስለሚያወጣ አንድ መደብ ብዙ ጊዜ ያበላል።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። መትከል የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ችግኝ በተተከለ ማግስት ግን ውኃ የሚያጠጣውና ፍየል የሚከለክለው ማን ነው? በጎረቤታችን በኬንያ ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ሲጀምሩ ለሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበረው በተከሉት ልክ ሳይሆን ጸድቆ በተገኘው ችግኝ ልክ ነበር። ይህ አሠራር በጣም ያስደስተናል።

የእኛ የጭንቅ ወራት በልጉ የሚቋረጥበት ጊዜ ነው። በልግ በላስታ የሚታመን አይደለም፤ አንድ ዓመት ይዘንባል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ሒሳቡን እንደሚከተለው ሠርተናል። 12ቱ መደቦች 60 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ለአንዱ ካሬ ሜትር በደረቅ ቀን 5 ሊትር ብናጠጣ 300 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር 15 ጀሪካን በየቀኑ ያስፈልጋል። ቧንቧው በማይመጣበት ሳምንት ይህ ከየት ይገኛል? መልሱ ከራሳችን በላይ ነው። ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,200 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ 16 በርሜል ይሞላል ማለት ነው። ጥቂቱ ቢፈስና ቢተን እንኳ ለብዙ ቀን ይበቃል። ቤተ ክርስቲያኖቻችንን ከቋጥኝ የፈለፈሉት ጠቢባን ዝናቡ የሚወርድበትን ቦይ ከሕንፃው ጋር አብረው ቀርጸውታል፤ እኛ ግን አሸንዳውን እንኳ ገና አልሰቀልንም።

የከተማችን ነጋዴዎች ሆይ! ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጀምሮ፣ ይልቁንም በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነት እንግዳ ጠፍቶ ሱቁም ሆቴሉም ምን ያህል እንደ ተጎዳ በየቤታችን አይተናል። ብዙዎቻችን የሆቴል ሠራተኛና የአስጎብኚ ልጆች ነን። ስለዚህ ሣጥን ይዘን ገንዘብ ለመለመን አንዞርም፤ የዘሩን ዋጋ ከክበባችን መዋጮ እናወጣለን። የምንለምናችሁ የምትጥሉትን ነው። ባለ ሱቆች ባዶ የዘይት ጀሪካን ስጡን፤ ክዳኑን በምስማር በስተን ውኃ ማጠጫ እናደርገዋለን። ባለ ሆቴሎች የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ ቡና ቤቶችም የቡና አተላ አስቀምጡልን፤ ጉድጓድ ቆፍረን ፍግ እናደርገዋለን። የጠላ አተላ አንጠይቅም፤ ባለቤት ከብት እንዳለው እናውቃለን። እንጨት ሥራ ቤቶች ቁርጥራጭ ብትሰጡን ለአጥር ይሆነናል። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡም መርዝ ወይም ዘይት ያልነበረበት አሮጌ በርሜል ቢያገኙ ያስቡን።

ከዕድሮች ደግሞ ዶማና አካፋ እንለምናለን። ዕድር ይህን መሣሪያ ለምን ሥራ እንደሚያስቀምጠው እናውቃለን፤ ስለዚህ ቀብር በሌለበት ቀን ብቻ እንወስዳለን። ጥሩንባ የተነፋ እንደ ሆነ መደቡ ግማሽ ላይ ቢሆንም ትተን መሣሪያውን ሮጠን እንመልሳለን። ያን ዕለት ደግሞ ጉልበታችንም ከመሣሪያው ጋር ይመጣል።

ከትምህርት ቤታችን ክበቦችም የምንፈልገው አለ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ የውኃ ተረኞችን ስም በየማለዳው ያንብብልን። የስፖርት ክበብ ኳሱን ወደ መደቡ እንዳይልክ እንጠይቃለን፤ ከላከም ሊያወጣ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። የገጠር ልጆች ቅዳሜና እሑድ ለስንቅ ስለሚሄዱ የእነዚያ ሁለት ቀኖች ተራ የከተማ ልጆች ነው። በዚህ ላይ በክበባችን ስብሰባ ክርክር ነበር፤ ነገር ግን ዳገቱን የሚወጣው ማን እንደ ሆነ ሲታሰብ ክርክሩ ቆሟል።

የገባውንና የወጣውን የምንጽፍበት ደብተር በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጣል፤ ማንም ሊያየው ይችላል። በግንቦት መጨረሻም በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ከ12ቱ መደብ ስንቱ ለምለም እንደ ሆነ፣ ስንቱ እንደ ደረቀ ቈጥረን እናነባለን። ሁሉም ደርቆ ቢገኝ ያንኑ እናነባለን።

በመጪው ቅዳሜ ከገበያው መግቢያ አጠገብ አራት ተማሪዎች ጆንያ ይዘው ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ይቆማሉ። ጀሪካን ያላችሁ ለእነርሱ ስጡልን። ከባድ ነገር ያለው ሰው ለማንኛውም ተማሪ ይንገር፤ ቤቱ ድረስ መጥተን እንሸከማለን።