የሕዝብ አስተዳደር ወይስ ቴክኖሎጂ? የመሐንዲሱ የሁለተኛ ዲግሪ ምርጫ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ በመካከላችን ያሉ ወጣት መሐንዲሶች ዘወትር በሚጠያየቁት አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራል። ይኸውም በምሕንድስና ተመርቆ ጥቂት ዓመታት ያገለገለ ሰው ትምህርቱን ለመቀጠል ሲያስብ፣ በዚያው በሙያው ይግፋ ወይስ ወደ ሕዝብ አስተዳደር ይሻገር የሚለው ጥያቄ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የግል ይመስላል። ነገር ግን የወጣትነት ዓመታት፣ የቤተሰብ ገንዘብና የአገር ዕውቀት የሚፈስበት ምርጫ በመሆኑ የማኅበራችንም ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ የሁለቱን ትምህርቶች ባሕርይ መለየት ይገባል። የቴክኖሎጂው ሁለተኛ ዲግሪ፣ የሕንፃ ግንባታ ይሁን የውሃ ምሕንድስና፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሁን የኮምፒዩተር ሳይንስ፣ አንድን ጠባብ መስክ በጥልቀት የሚያስቆፍር ነው። ተማሪው በስሌትና በሙከራ ይደክማል፤ መልሱንም በቁጥር ያረጋግጣል። የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት በአንጻሩ ሰፊ ነው። የመንግሥት በጀትን፣ የፖሊሲ ትንተናን፣ የአስተዳደር ሕግን፣ የድርጅቶችን አወቃቀርና የሰው ኃይል አመራርን ያካትታል። የዚህ ትምህርት ጥያቄ ድልድዩ ምን ያህል ይሸከማል የሚል ሳይሆን፣ ማን ይክፈል፣ ማን ይወስን፣ ማንስ ይጠየቅ የሚል ነው።

በአገራችን የምሕንድስና ታሪክ ሁለቱ ዕውቀቶች ተነጣጥለው አልኖሩም። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለመንገድ ሥራ ከዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ስትፈራረም፣ ከገንዘቡ ጋር አብሮ የታሰበው ራሱን የቻለ የመንገድ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ነበር። በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩት መንገዶች በጥገና እጦት እየተበላሹ ነበርና፣ የጎደለው አዲስ መንገድ የሚቀይስ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ የተሠራውን በበጀትና በሠራተኛ የሚጠብቅ አካልም ነበር። መንገዱና መሥሪያ ቤቱ አብረው ተወለዱ ማለት ይቻላል።

የቅርቡንም ብንመለከት ያው ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ወደ 34 ኪሎ ሜትር በሚደርሱ ሁለት መስመሮች ላይ 41 ባቡሮች ተመድበውለት ነበር። ለግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል፤ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። በተከታዮቹ ዓመታት ግን ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ሳይንስ ሳይለወጥ ባቡሩ ቆመ ማለት ነው። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ትኬት ግን የሚሸጠው በብር፣ ያውም ሥራው ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ይህን ክፍተት የሚሞላው የሞተር ዕውቀት ሳይሆን የድጎማ፣ የግዢና የበጀት ውሳኔ ነው።

ይህን የሰማ ሰው እንግዲያውስ ሁላችንም አስተዳደር እንማር ሊል ይችላል። ተቃራኒውን የሚያስተምር ታሪክም አለ። ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ጠፍታ 7 ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው ምሽት የሮኬቱ አምራች ድርጅት መሐንዲሶች፣ ብርዱ የመገጣጠሚያውን የጎማ ማሸጊያ ያደነድነዋልና በረራው ይቆይ ብለው ተከራክረው ነበር። ከድርጅቱ ኀላፊዎች አንዱ፣ እሱም በሙያው መሐንዲስ የነበረ፣ እንደ መሐንዲስ ማሰቡን ትቶ እንደ ሥራ አመራር እንዲያስብ ሲነገረው አሳቡን ለወጠ። አስተዳዳሪው የቴክኒክ ፍርዱን አሳልፎ ሲሰጥ የሚከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ በይፋ ብዙ የማይነገር አንድ ምክንያት ልጥቀስ። ከባልደረቦቻችን ብዙዎቹ የሕዝብ አስተዳደርን የሚመርጡት ትምህርቱን ወደው ሳይሆን የደመወዝ እርከኑ ስለሚገፋቸው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንደምናየው የመሐንዲሱ የእድገት መሰላል ከጥቂት ደረጃዎች በኋላ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው በኀላፊነት ወንበር ብቻ ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍልና ልጆች የሚያስተምር ሰው ይህን ቢያሰላ አይፈረድበትም። ውጤቱ ግን ያሳስባል። ጎበዙ ነዳፊ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ይገባል፤ ንድፉን የሚመረምር ሰው ይጠፋል፤ ያንኑ ምርመራ ኋላ ከውጭ አማካሪ በውድ ዋጋ እንገዛዋለን።

ስለዚህ መራጩ ራሱን ሦስት ነገሮች ቢጠይቅ ይበጀዋል እላለሁ።

አንደኛ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሥራዬን ያሰናከሉት ነገሮች ምን ነበሩ ብሎ በወረቀት ይዘርዝር። የአፈር ጠባይ፣ የስሌት ክብደት፣ የአዳዲስ ዕቃዎች አለመታወቅ ከሆኑ መድኃኒቱ ቴክኖሎጂ ነው። የካሳ ክፍያ መዘግየት፣ የጨረታ ውዝግብ፣ የሁለት መሥሪያ ቤቶች አለመስማማት ከሆኑ ግን ሕዝብ አስተዳደርን ቢማር ጊዜው በከንቱ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ሙያው በእጁ ገብቷልን? ንድፍ ፈርሞ ለፊርማው ለመጠየቅ ገና ያልደረሰ ሰው ወደ አስተዳደር ቢሻገር፣ በስብሰባው ላይ መሐንዲሶቹን የሚረታበትም የሚረዳበትም ዕውቀት አይኖረውም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ ሆኖም በግማሽ የተተከለ ባላ ሰው አይሸከምም።

ሦስተኛ፣ ኋላ በራስ ጥረት ሊሞላ የሚችለው የትኛው ነው? የበጀትና የውል ሕግጋት ከሥራ ጋር፣ በንባብና በአጫጭር ሥልጠና በከፊል ይለመዳሉ። ከፍተኛ ሒሳብና የቤተ ሙከራ ሥራ ግን መምህርና መሣሪያ ይሻሉ፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥርም ይርቃሉ። እኔ በበኩሌ የቴክኖሎጂውን መንገድ የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ሌላ መልስ የመራውን ሰው ግን ተሳስተሃል አልለውም።

ከማኅበሩ የሚጠበቀውን በሁለት አሳብ ልደምድም። ማኅበራችን በሙያው ጠልቆ ለሚቀር መሐንዲስ ከኀላፊው የማያንስ የእድገት መሰላል እንዲዘረጋ ለአሠሪ መሥሪያ ቤቶች ያለማቋረጥ ያሳስብ። እንዲሁም አስተዳደር የተማሩ አባሎቻችን ማኅበሩን ሳይርቁ፣ ስለ ግዢ፣ ስለ ውልና ስለ በጀት ለቀሩት በማታ ያስተምሩ። ያን ጊዜ ወጣቱ የሚመርጠው ከደመወዝ እርከን ለማምለጥ ሳይሆን፣ ሊፈታው የሚፈልገውን ችግር አይቶ ይሆናል።