ስለ እጓለ ማውታ፤ ከሚኤሶ

አንደኛ አቅራቢ፦ ከአዋሽ ወደ ጭሮና ወደ ድሬዳዋ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ የሚረግጣት ሚኤሶ፣ ባቡሩና የጭነት መኪናው ሲሳይ ቢያመጡላትም፣ ኤች አይ ቪ በመንገድ ዳር ከተሞች ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበረታ፣ ልጆችንም ያለ ወላጅ እንደሚያስቀር የታወቀ ነውና፣ ስለ እጓለ ማውታ የምናስበውን ከእርሷ መጀመራችን ተገቢ ይመስለኛል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ተገቢ ነው፣ እኅቴ። እኔ ግን አብነት የማደርጋቸው በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄደው፣ በረኃብ ከተጎዳው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱትን፣ ቤተ ሰብ ቢቃወማቸው ቤታቸውን ትተው የወጡትን ወይዘሮ አበበች ጎበናን ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ 2013 ዓ.ም. ለእጓለ ማውታ ደከሙ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን እንጀራው አይደለም፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ስለሚታደል ቫይረሱ ያለበት ሕፃን ይኖራል፤ ነገር ግን አያቱ ገበያ የዋለች ዕለት በሰዓቱ የሚያስውጠው ማነው?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ዕድር ነዋ፣ በሐረርጌ አፎሻ የምንለው! ለቀብር የተዋጣው ገንዘብ ለሕያዋን ሕፃናትም እንዲደርስ ደንባቸውን ያሻሻሉ ዕድሮች በአዲስ አበባ አሉ።

አንደኛ አቅራቢ፦ ይሁን፤ ሆኖም ማኅበርተኛው ሁሉ የሕፃኑን ምስጢር ካወቀ ረድኤቱ ራሱ መገለልን ያመጣበታልና፣ ለደኻ ልጅ ሁሉ ሳይለይ ይሰጥ፤ የደሙ ነገር በሐኪሙና በአሳዳጊው ዘንድ ይቅር።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ሒሳቡስ?

አንደኛ አቅራቢ፦ ያለ ሕፃናቱ ስም በጉባኤ ይነበብ። መዝገብ ለሚይዘው ጸሐፊም፣ እባክዎ፣ ደመወዝ ይቈረጥለት።