ኮከብና የሰው ጠባይ
(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተገለበጠ)



ባልና ሚስት ሳይስማሙ ሲቀሩ «ኮከባቸው አልገጠመም» እንላለን። በመሥሪያ ቤትም ሁለት ሠራተኞች ባንድ ክፍል ተቀምጠው በየቀኑ ሲጋጩ የክፍሉ ሹም የጠባቸውን ምክንያት ከመመርመር ይልቅ ይህንኑ ቃል ተናግሮ አንደኛውን ወደ ሌላ ክፍል ያዛውረዋል። ቃሉን የምንናገረው እንደ ዋዛ ነው፤ ነገር ግን ከዋዛው በስተጀርባ ብዙ ዘመን የኖረ ትምህርት አለ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ትምህርት ነው፤ ይኸውም የከዋክብት አቋም፣ በተለይም አንዱ ኮከብ ከሌላው ጋር የሚተያይበት ሁኔታ፣ የሰውን ጠባይ ይወስናል ስለሚባለው ነገር ነው።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ወዳጄ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ሲል የእጮኛው አክስት የሁለቱን ስም ከነእናቶቻቸው ስም በወረቀት ጽፈው ወደ አንድ ኮከብ ቆጣሪ ሄዱ። የመጣውም መልስ እርሱ አሰድ፣ እርስዋ ሸርጣን ናቸው፤ አሰድ እሳት፣ ሸርጣን ውሃ ስለ ሆነ ባንድ ጎጆ አያድሩም የሚል ሆነ። የልጂቱ ቤተ ዘመድ ተከፈለ፤ ሠርጉም ቆመ። ወዳጄ ተጨንቆ እኔ ዘንድ መጣ። በሬዲዮ የሚናገር ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ ማሰብ የብዙ ሰው ስሕተት ነው፤ የማነበው ሌሊት ተቀምጬ የጻፍሁትን ብቻ መሆኑን ቤተ ሰቦቼ ያውቃሉ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን የእንጦጦን ዳገት በእግር ወጣን። ባሕር ዛፉን ጥሰን እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ፀሐይ ወደ መናገሻ በኩል አዘቅዝቃ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያው ተራራ ጀርባ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የከዋክብት መመልከቻ በ2007 ዓ.ም. ተከፍቷል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከችው የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃዋን የምትልከው ወደ እንጦጦ ነበር። እንግዲህ ስለ ሰማይ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረንም።

ወዳጄ በመጀመሪያ የጠየቀኝ «ነገሩ ከየት መጣ?» ብሎ ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች ከምድር ሆነን ስናያቸው በሰማይ ላይ ባንድ መንገድ ይመላለሳሉ። የጥንት ሰዎች ይህን መንገድ በ12 ከፈሉት፤ እኛም ከዐረብኛ በተወረሰው ስማቸው ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት እንላቸዋለን። ክበቡ በጠቅላላው 360 ዲግሪ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ክፍል 30 ዲግሪ ይደርሰዋል። በሁለተኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ በጻፈው መጽሐፍ እንደ ተመለከተው፣ ሁለት ፕላኔቶች በ120 ዲግሪ ርቀት ቢቆሙ በፍቅር ይተያያሉ፤ በ60 ዲግሪ እንዲሁ ይስማማሉ፤ በ90 ዲግሪና ፊት ለፊት በ180 ዲግሪ ቢቆሙ ግን ይጣላሉ። በዚህ ትምህርት መሠረት መሪኅ የቁጣና የድፍረት፣ ዙሐል የጭንቀትና የመዘግየት ኮከብ ነው። ሕፃኑ በተወለደበት ሰዓት ሁለቱ በ90 ዲግሪ ቢተያዩ፣ ሲያድግ ቁጡ፣ ግን ቁጣው በውስጡ የሚታፈን፣ ግትር ሰው ይሆናል ይባላል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የልደት ሰንጠረዥ የሚያወጡ ሰዎች የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

በአገራችን የእሳት፣ የመሬት፣ የነፋስና የውሃ ኮከብ የምንለው ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት ናቸው፤ ብትቆጥሩአቸውም አንዱ ከሌላው የሚርቀው በአራት ክፍል፣ ማለት በ120 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር አክስት «እሳት ከእሳት» ስትል፣ የበጥሊሞስን መተያየት ሳታውቀው ትናገራለች።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው። በአውሮፓው ስልት ሰንጠረዥ ለማውጣት የልደት ሰዓት ከነደቂቃው ያስፈልጋል፤ በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ክፍል በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል ይለወጣልና። ይህን ከኛ አገር እናት ማን ሊጠይቅ ይችላል? እናቴ የእኔን ልደት ስትናገር «ከብት ሲገባ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ» ትላለች፤ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ሰዓት አላገኘሁም። ስለዚህ ዐውደ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ በሰዓት ፋንታ ስምን ወሰደ። የሰውዬው ስምና የእናቱ ስም ፊደሎች በተመደበላቸው ቁጥር ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ12 ይካፈላል፤ አንድ ቢተርፍ ሐመል፣ ሁለት ቢተርፍ ሰውር፣ እያለ ይወርዳል። የእናት ስም የተመረጠውም አባት ሊያጠራጥር፣ እናት ግን ልታጠራጥር ስለማትችል ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ዘዴ ብልሃት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሰማዩን ጨርሶ ትቶታል። ቆጣሪው ኮከብ ቆጠርሁ ቢልም ቀና ብሎ አንዲት ኮከብ አላየም፤ የቆጠረው ፊደል ነው።

ወዳጄ የሒሳብ ሰው ነውና እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «የእኔ ስም በደመወዝ መዝገቡ በእሳቱ ሰ፣ በቅጥር ደብዳቤዬ ደግሞ በንጉሡ ሠ ተጽፏል፤ የትኛው ይደመራል?» አለ። የሁለቱ ፊደሎች ቁጥር የተለያየ ከሆነ፣ መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ ብዕሩን ባነሣበት ቅጽበት የወዳጄን ጠባይ ለውጦታል ማለት ነው። ከድምሩ አንድ ቁጥር ብቻ ብትጎድል አሰድ ሸርጣን ይሆናል፤ እሳቱም ውሃ ይሆናል። ሀሌታው፣ ሐመሩና ብዙኃኑ ባሉበት አገር፣ ስማችን በየቢሮው በየፊናው በሚጻፍበት ዘመን፣ ስንት ኮከብ እንዳለን እግዚአብሔር ይወቀው።

የሰማዩንም ነገር እንመልከት። ያዕቆብና ዔሳው ባንድ ማኅፀን አድረው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ ይዞ ተወለዱ፤ ጠባያቸው ግን የእርሻና የአደን ያህል ተለያየ። ቅዱስ አውግስጢኖስ ኮከብ ቆጠራን በተቃወመ ጊዜ ይህን ምሳሌ ተጠቅሟል፤ ደግሞም ባንድ ሰዓት ስለ ተወለዱ ስለ አንድ የጌታ ልጅና ስለ አንድ ባሪያ ጽፏል፤ አንደኛው በሀብት አደገ፣ ሁለተኛው እስከ መጨረሻው በባርነት ኖረ። ከእኛ ዘመን ምሳሌ ብንፈልግ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ መሽተሪና ዙሐል፣ ማለት ጁፒተርና ሳተርን፣ በምዕራብ ሰማይ ከዲግሪ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ተራርቀው ታይተዋል። እንዲህ ያለው መገናኘት በ20 ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ይሆናል፤ ያን ያህል የተቀራረቡት ግን እ.ኤ.አ. ከ1623 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ሳምንት በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የተወለዱት ሕፃናት ሁሉ ይህን መተያየት በሰንጠረዣቸው ይዘዋል። አሁን ትምህርት ቤት ናቸው፤ መምህራኖቻቸውን ብትጠይቁ ባንድ ክፍል ውስጥ ስንት ዓይነት ጠባይ እንዳለ ይነግሩአችኋል። ሁለቱ ፕላኔቶችም ተቀራርበው የታዩት ከምድር ለሚመለከት ሰው ብቻ ነው፤ በእውነቱ በመካከላቸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነበር። የክፍሎቹም ስም ቢሆን ዛሬ ከሰማዩ ጋር አይገጥምም፤ የምድር ዘንግ 26,000 ዓመት ያህል በሚፈጅ ዙር ስለሚዞር፣ ቀንና ሌሊት በመጋቢት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ የምትታየው በሐመል ሳይሆን በሑት ከዋክብት መካከል ነው።

ይህን ስል የሰማይን ቁጥር መናቄ እንዳይመስላችሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ፀሐይንና ጨረቃን ይቆጥራሉ፤ የ19 ዓመቱን ዙር ይዘው፣ መጥቅዕና አበቅቴ ሲደመሩ 30 መሆናቸውን እያረጋገጡ፣ ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን ከብዙ ዓመት በፊት ይነግሩናል፤ ቀኑም ይደርሳል። ስለ ብርሃናት ጉዞ የሚናገረው የመጽሐፈ ሄኖክ ክፍል ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ያው መጽሐፍ ግን በ8ኛው ምዕራፍ የወደቁት መላእክት ለሰው ልጅ ካስተማሩት ነገር ጋር ኮከብ ቆጠራን ይቈጥረዋል። አባቶቻችን ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ቆጣሪው ስለ እኔ የተናገረው ለምን ልክ ሆነ?» አለኝ ወዳጄ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አነበበልኝ። ለሰው ታዝናለህ፣ ሰው ግን ውለታህን አይመልስልህም፤ ቶሎ ትቆጣለህ፣ ቶሎም ትመለሳለህ፤ በልብህ ያለውን ሁሉ አታወጣም፤ ምቀኛ አለብህ፤ ይላል። እኔም ወረቀቱን ተቀብዬ ለራሴ አነበብሁት፤ የእኔንም ጠባይ ሳይስት የጻፈ መሰለኝ። እናንተም አድማጮቼ አሁን ስትሰሙት «ስለ እኔ ነው» ያላችሁ ጥቂት አትሆኑም።

ይህ ነገር ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1948 ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር 39 ተማሪዎቹን ስለ ጠባያቸው ከፈተነ በኋላ ለየራሳቸው የተዘጋጀ ነው ብሎ ጽሑፍ ሰጣቸው፤ ትክክለኛነቱንም ከ5 እንዲያርሙ ጠየቃቸው። በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት። ኋላ ግን የሁሉም ጽሑፍ አንድ መሆኑ፣ አረፍተ ነገሮቹም በጋዜጣ መሸጫ ከሚገኝ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተወሰዱ መሆናቸው ተገለጠላቸው። ካርልሰን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ምርመራ፣ በሙያቸው የተመሰገኑ 28 ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው የልደት ሰንጠረዥ ይዘው፣ ከቀረቡላቸው ሦስት የጠባይ መግለጫዎች የባለቤቱን እንዲለዩ አደረገ። እነርሱ ቢያንስ ግማሹን እናገኛለን ብለው ነበር፤ ያገኙት ግን ከሦስት አንዱን ያህል ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ዕጣ የሚያወጣ ሰውም ይህንኑ ያገኛል።

ነገሩ በዋዛ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምኋችሁ ነበር። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን «እኔ ኮከቤ እሳት ነው» እያለ ባለጉዳይን በቁጣ የሚያባርር ሹም አለ፤ ቁጣውን ለሰማይ አስረክቦ እርሱ ነጻ ሆኗል። «የእርሱ ኮከብ ከኔ ጋር አይሄድም» ተብሎ እድገቱ የታለፈ ትጉህ ሠራተኛም አለ፤ ያ ሰው ይግባኙን ለማን ያቀርባል? የደመወዙ ጉዳይ በመተዳደሪያ ደንብ ይታያል፤ በመሪኅና በዙሐል ላይ ግን አቤቱታ የሚቀበል ክፍል የለም።

ሲመሽ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወጣ ብለን ቆምን። ከበታቻችን የከተማው መብራት፣ ከበላያችን ከዋክብት ነበሩ። ወዳጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ነገ ለእርስዋ እነግራታለሁ» አለ።

ነገራትም። ልጂቱ ግን ከሁለታችንም ይልቅ ብልኅ ሆነች። አክስትየው የጻፉትን ወረቀት አስመጥታ አየችውና፣ ስሟ በክርስትና ካርዷ ላይ በሐመሩ ሐ ሲሆን አክስትየው በሀሌታው ሀ መጻፋቸውን አሳየቻቸው። እኅትዮዋ ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ፤ ቆጣሪውም እንደ ገና ደምሮ ልጂቱ ሸርጣን ሳትሆን ሚዛን ናት፣ ሚዛን ነፋስ ነው፣ እሳትን ነፋስ ያቀጣጥለዋል፣ ይጋቡ አለ። ወዳጄ እጅግ ተቆጣ። «በተሳሳተ ሒሳብ የተከለከልሁትን በተሳሳተ ሒሳብ አልቀበልም፤ ዛሬ እሺ ካልሁ ነገ እምቢ ሲል ምን እመልሳለሁ?» ብሎ አክስትየው ፊት ሊከራከር ተነሣ። እርስዋ እጁን ይዛ አስቀመጠችው፤ ያለችውን አልነገረኝም።

በጥር ተጋቡ። አክስትየው በሠርጉ ከሁሉ ይልቅ ሲደሰቱ፣ እልል ሲሉ ታዩ። ሰሞኑን ግን ወዳጄ በስልክ እንደ ነገረኝ፣ የሕፃኑ ስም ከመውጣቱ በፊት በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ አስቀድሞ እንዲነገራቸው ጠይቀዋል።