ፖርት ሮያል፦ በአሸዋ ላይ የቆመች የወደብ ከተማ



ዛሬ የማነሣው የጃማይካዋን የወደብ ከተማ የፖርት ሮያልን ጥፋት ነው። እንግሊዞች ደሴቲቱን በ1655 እ.ኤ.አ. ከስፔን ከነጠቁ በኋላ ከተማዪቱ በንግድ፣ በባሕር ላይ ዘረፋና በባሪያ ፍንገላ በለጸገች። ጁን 7 ቀን 1692 እ.ኤ.አ. ከቀትር በፊት በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሏ ሰመጠ። 2,000 ያህል ሰዎች ወዲያው አለቁ፤ ተከትሎ የመጣው ወረርሽኝም እጅግ ብዙዎችን ፈጀ።

የዘመኑ ሰባኪያን ጥፋቱን የኃጢአት ቅጣት አድርገው ተረጐሙት። እኔ እንደምረዳው ይህ አተረጓጐም ሁለት ነገሮችን ይሰውራል። አንደኛው የመሬቱ ጠባይ ነው። ከተማዪቱ የቆመችው ውሃ ባራሰው ልል አሸዋ ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ አሸዋ በብርቱ ሲናወጥ እንደ ፈሳሽ ይሆንና የተሸከመውን ይውጣል። ሁለተኛው የሰው ምርጫ ነው። ጥልቁ ውሃ ለዳርቻው ቅርብ በመሆኑ መርከቦች ከመጋዘኖቹ አጠገብ ይቆሙ ነበር፤ ነጋዴዎቹም ለዚህ ጥቅም ሲሉ ከባድ የጡብ ፎቆችን በጠባቡ አሸዋ ላይ ደረደሩ። በምርጫው ድምፅ ያልነበራቸው፣ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ግን የመከራው ተካፋይ ሆኑ።

ስለዚህ “የተፈጥሮ አደጋ” የሚለውን ሐረግ ስንጽፍ ጥንቃቄ ይገባናል። መናወጡ የተፈጥሮ ነው፤ በጥፋቱ መጠን ግን የሰው እጅ አለበት። ሁሉን ለቁጣ ወይም ለዕድል የሚሰጥ ታሪክ ጸሐፊ ማን እንደሠራ፣ ማን እንዳተረፈ፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ያልፋል። የእኛ ሙያ የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው።