ከአስከሬን ክፍል እስከ ሐይቅ ዳር
(በምሩቃን መሰባሰቢያ ዕለት የቀረበ ንግግር)



የአናቶሚ ክፍላችንን የፎርማሊን ሽታ የረሳ አለ? እኔ እስካሁን ካፍንጫዬ አልወጣም። ዛሬ የማወራችሁ በአስከሬን ምርመራ ስሙን ስላስጠራ አንድ ጀርመናዊ ነው፤ ስለ ቴዎዶር ቢልሃርዝ።

ቢልሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1825 ዚግማሪንገን ተወለደ። በ1850 ከመምህሩ ከግሪዚንገር ጋር ካይሮ ገባ። በማግሥቱ ዓመት በቀስር አል-አይኒ ሆስፒታል አስከሬን ሲመረምር ፖርታል ቬን ውስጥ ትሎች አየ። አተኩሮ ሲያያቸው ቀጭኗ ሴቴ በወንዱ ሰውነት ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ታቅፋ ነው የምትኖረው። ግብፃውያን ከጥንት ጀምሮ ሲሠቃዩበት የኖሩት ደም የተቀላቀለበት ሽንት መንስኤው ተገኘ። በኋላም እዚያው የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1862 ከአንድ የጀርመን መስፍን ጋር ወደ ምፅዋ ተጉዞ፣ ተስቦ ይዞት ካይሮ ሲመለስ ሞተ። ገና 37 ዓመቱ ነበር። ትሉ በቀንድ አውጣ በኩል አልፎ በቆዳ እንደሚገባ ሳያውቅ ነው ያለፈው፤ ይህ በግብፅ የተረጋገጠው በ1915 ነው።

ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ነገር ያስተዋሉት ደግሞ የኛው ሰው ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ።

ወደ ሰፈራችን ልምጣ። በሐዋሳ ሐይቅ ያለው ቢልሃርዚያ አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። ገና አዲስ ሐኪም ሳለሁ አንድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ሰገራው ላይ ደም እያየ መጣ፤ ሦስት ጊዜ ‹አሜባ ነው› ብዬ መድኃኒት ሰጠሁት። በአራተኛው አብረውት የመጡት እናቱ፣ ‹‹ዶክተር፣ ይሄ ልጅ እኮ ውሎው ሐይቅ ውስጥ ነው›› አሉኝ። ሰገራው እንደገና ሲታይ እንቁላሉ ተገኘ። ያሳፈረኝ አለማወቄ አልነበረም፤ አውቅ ነበር። አለመጠየቄ ነው።

ዛሬ አዲስ ከተማ ውስጥ የደም ተቅማጥ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ‹‹ውሎህ የት ነው?›› የሚል ነው። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ ሰውየው ነገ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ሲቆም ግን እንደገና ይያዛል።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን በዓመት አንድ ቀን ከአስከሬን ክፍሉ አውጥታችሁ አሞራ ገደል ውሰዱልን። ዓሣውን ከመቅመሳቸው በፊት አጥማጁ የቆመበትን ውሃ ይዩ።