ሁለት ፎቶግራፍ በአንድ ገጽ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል ምክንያት ስለሚታተመው መጽሔት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። የምናገረው የድሮውንና የዛሬውን ጊዮርጊስ የሚያሳዩ ሁለት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ ገጽ ላይ ስለ ማተም ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ሥራ እውነት ለመናገርም ለመዋሸትም እንደሚቻል ላስረዳ አስባለሁ።

ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ማኖር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የጥንት ሠዓሊዎቻችን እንደ መጽሐፍ በሚከፈቱና በሚዘጉ ሁለት የእንጨት ገበታዎች ላይ፣ ብዙ ጊዜ በአንዱ ወገን እመቤታችንን ከልጇ ጋር፣ በሌላው ወገን ቅዱስ ጊዮርጊስን በፈረሱ ላይ ይሥሉ ነበር። ተመልካቹ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያመላልስ፣ አንዱ ብቻውን የማይነግረውን ሁለቱ ተባብረው ይነግሩታል።

ለእንዲህ ያለው ሥራ አራዳ እጅግ የተመቸ ስፍራ ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ ታነጸ። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ከስፍራው ተነሥቶ፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። እነዚህ ሁለቱ ጸንተው ሳሉ በዙሪያቸው ብዙ ነገር ተለውጧል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሠፈር ሄዱ። ከእነርሱም መካከል የጓደኞቻችን ቤተ ሰቦች ይገኛሉ። ለእነርሱ ከቤታቸው የቀረላቸው መልክ በፎቶግራፍ ላይ ያለው ብቻ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ። ኤ4 የሚባለው ወረቀት ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር ነው። በግራና በቀኝ 1.5፣ በመካከል 1 ሳንቲ ሜትር ባዶ ብንተው ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ 8.5 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ለጥራት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ እንዲኖር ስለሚፈለግ፣ የእያንዳንዱ ወርድ 1,000 ያህል ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ወርዱ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአያቶቻችን ፎቶግራፍ በስካነር በ300 ቢነሣ 700 ያህል ነጥብ ብቻ ይኖረዋል፤ ሲሰፋም ይደበዝዛል። በ600 ቢነሣ ግን 1,400 ያህል ስለሚሆን ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ በኮምፒዩተር ባዶ ገጽ ከፍቶ ሁለቱን ማስገባትና ቁመታቸውን ማስተካከል ነው። በዚህ ጊዜ ምስሉን በማዕዘኑ ይዞ መሳብ እንጂ በጎኑ መሳብ አይገባም። በጎኑ የተሳበ እንደ ሆነ የምኒልክ ፈረስ ሆዱ ይሰፋል፣ እግሩም ያጠረ ይመስላል!

ነገር ግን ልኩ ብቻ ቢስተካከል አይበቃም። በአንድ ገጽ ላይ የቆሙ ሁለት ፎቶግራፎች በዳኛ ፊት እንደ ቀረቡ ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ ዳኛውም አንባቢው ነው። የድሮውን የሚወድ ሰው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በንግሥ ቀን የተነሣውን አሮጌ ፎቶግራፍ መርጦ፣ የዛሬውን ጊዮርጊስ ግን በክረምት ዝናብ ያነሣዋል። አዲሱን የሚወድ ደግሞ እጅግ የተጎዳውን የድሮ ቤት መርጦ ከዛሬው የማታ መብራት ጋር ያስተያየዋል። ሁለቱም አንዲት ነጥብ ሳይለውጡ ያታልሉናል።

ስለዚህ ለመጽሔታችን ሦስት ነገር እንድንጠብቅ እለምናለሁ። አንደኛ፣ አዲሱ ፎቶግራፍ አሮጌው ከተነሣበት ስፍራ፣ ቢቻል በዚያው ሰዓትና ወራት ይነሣ፤ ሐውልቱም በሁለቱ ላይ እኩል ቁመት እንዲኖረው ሆኖ ይቀመጥ። እርሱ ካልተለወጠ፣ የተለወጠውን ሁሉ በእርሱ መለካት ይቻላል። ሁለተኛ፣ የማንወደውን ለመሰወር ከዳር አንቁረጥ። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ዓመቱንና ስፍራውን እንጻፍ፤ ዓመቱ ካልታወቀ አለመታወቁን እንጻፍ እንጂ በግምት አንሙላው።

የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፤ የአራዳ መልክ ያለው በእናንተ ሣጥን ውስጥ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ልጆቻቸው ያነሡት የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ፎቶግራፍ በመጻሕፍት ይገኛል። የእናንተ በር፣ የእናንተ ጎረቤት፣ የእናንተ ሱቅ ግን ከእናንተ ዘንድ በቀር አይገኝም። ፎቶግራፎቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እፊታችሁ ስካን አድርገን ወዲያው እንመልስላችኋለን። ስምና ዓመት በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊቱ ያልፋልና በሌላ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡን።

ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ያን ገጽ ሲከፍቱ፣ አንዳንዱ ስለ ፈረሰው ያዝናል፣ አንዳንዱ በተሠራው ደስ ይለዋል። እንዴት እንደሚፈርዱ ልናዝዛቸው አይገባንም። የእኛ ፋንታ ሁለቱን ምስክሮች በእኩልነት አቁመን ማለፍ ነው።