ልጆች ይዞ ወደ አርክቲክ

እሱ፦ እህቴ፣ ልጆችን አሳፍሮ በሸራ ጀልባ አርክቲክን ማቋረጥ ድፍረት ነው ወይስ ግድየለሽነት?

እሷ፦ እንደ ዝግጅቱ ነዋ! ከካናዳ በላይ ያለውን የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ እንውሰድ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 የገቡት የእንግሊዛዊው አሳሽ የፍራንክሊን ሁለት መርከቦች 129 ሰዎች ይዘው ቀሩ። ኖርዌያዊው አሙንድሰን ግን ከ1903 እስከ 1906 ዮአ በተባለች ትንሽ መርከብ ስድስት ባልደረቦቹን ይዞ አለፈ። የአካባቢውን ኢኑዊቶች ጠይቆ፣ ከጠጉራም የእንስሳ ቆዳ የተሰራ ልብሳቸውን ለብሶ፣ አኗኗራቸውን ተምሮ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ዝግጅት ይሄ ነው።

እሱ፦ ጀልባዋስ?

እሷ፦ አካሏ ብረት ወይም አሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ በረዶ ሲገጨው ይሰረጉዳል እንጂ እንደ ፋይበርግላስ ቶሎ አይሰነጠቅም። በብርድ የማይረጋ ናፍጣ፣ ማሞቂያ፣ መጠባበቂያ ያለው ጂፒኤስም ያስፈልጋል፤ ወደ ማግኔታዊው ዋልታ ሲቀርቡ ኮምፓስ ይዋዥቃል።

እሱ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ውሃው ነው። እዚያ የወደቀ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ እጁ አይታዘዝለትም።

እሷ፦ እኔንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ በልኩ የተሰራ ውሃ የማያስገባ ልብስ፣ ከጀልባዋ ጋር የሚያስረው ገመድም ይኑረው። የአዋቂ ልብስ ለልጅ አይሆንም፤ ውሃ ያስገባል። ደግሞስ መሪ የያዘው ሰው ቢወድቅ ማን ያወጣዋል? የቀሩት ሞተር ማስነሳት፣ ሸራ ማውረድ፣ በሬዲዮ እርዳታ መጥራት ወደቡ ላይ እያሉ ይለማመዱ።

እሱ፦ መቼ ይነሱ?

እሷ፦ መንገዱ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ነሐሴ አካባቢ ለጥቂት ሳምንታት ነው። የበረዶ ካርታውን በየቀኑ ይዩ፤ ከዘጋ ይመለሱ። አሙንድሰን እንኳ በረዶ ይዞት ከርሟል፤ ስንቁ ለመንገዱ ብቻ ተቆጥሮ አይጫን።